ስልሳ ሚሊዮን መስመር በጥቂት ወራት?

የትራምፕ አስተዳደር የመንግሥት ቅልጥፍና ቡድን የሆነው የዶጅ ሰዎች፣ የአሜሪካ የጡረታ ተቋም የሆነውን የሶሻል ሴኩሪቲን የኮምፒውተር ሥርዓት ኮቦል ከተባለው አሮጌ የፕሮግራም ቋንቋ አላቀው በዘመናዊ የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ ሊያስጽፉት ማሰባቸውን ዋየርድ መጽሔት በማርች 2025 መጨረሻ ላይ ዘግቧል። የተቆረጠለት ጊዜ ጥቂት ወራት ነበር። ተቋሙ በ2016 ከ60 ሚሊዮን በላይ የኮቦል መስመሮች ነበሩት። ዛሬ በዚህ ሥርዓት በኩል በየወሩ ገንዘብ የሚቀበሉት ከ70 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ናቸው። የእኛም እናቶችና አባቶች አሉበት፤ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ከኤስ.ኤስ.አይ. ድጎማ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ አረጋውያን፣ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው፣ በፓርኪንግና በሆቴል ሠርተው አሁን ጡረታቸውን የሚጠባበቁ ወገኖች። ስለዚህ ነገሩ የፕሮግራመሮች ክርክር ተብሎ እንዲታለፍ አልፈልግም።

እንደ አዲስ ይጻፍ ወይስ ያለው ይሻሻል የሚለው ጥያቄ በሙያው ውስጥ የቆየ ነው። ኔትስኬፕ ብራውዘሩን ከባዶ ልጻፍ ብሎ ገበያውን ሲያጣ የሆነውን ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች መድገም አያስፈልግም። ዛሬ የያዝኩት ለዚህ ጥድፊያ መንገድ የጠረገውን አንድ መከራከሪያ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የ150 ዓመት ሰዎች በሕይወት እንዳሉ ሆነው ተቀምጠዋልና ሥርዓቱ በስብሷል የሚለውን።

የዶጅ ዋና ሰው የነበረው ኤለን መስክ ይህን በፌብሯሪ 2025 ዋይት ሐውስ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ባሉበት ተናገረ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ደግሞ ማርች 4 ለኮንግረስ ባደረጉት ንግግር ቁጥሩን በዕድሜ እየከፋፈሉ አነበቡት፤ ከ140 እስከ 149 ዓመት የሆናቸው 3.5 ሚሊዮን፣ ከ150 እስከ 159 የሆናቸው 1.3 ሚሊዮን እያሉ። ይህን የሰማ ሰው መንግሥት ለሙታን ገንዘብ እየከፈለ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

መልሱ ግን ንግግሩ ከመደረጉ በፊት ታትሞ ነበር። የተቋሙ ኢንስፔክተር ጄኔራል በጁላይ 2023 ባወጣው የኦዲት ሪፖርት፣ በ1920 ወይም ከዚያ በፊት የተወለዱና የሞቱበት ቀን ያልተመዘገበላቸው 18.9 ሚሊዮን ባለ ቁጥሮችን አግኝቷል። ከእነዚህ ውስጥ ክፍያ ይደርሳቸው የነበሩት 44 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ መቶ ዓመት የሞላቸውና ከዚያ ያለፉ 80 ሺህ ያህል ሰዎችን ስላገኘ፣ 44 ሺህ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ከ18.9 ሚሊዮኑ 98 በመቶ ያህሉ ክፍያ አይቀበሉም፤ ባለፉት 50 ዓመታትም በስማቸው ደመወዝ አልተመዘገበም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሥርዓቱ 115 ዓመት የሞላው ተከፋይ ሲያገኝ ክፍያውን በራሱ ያቆማል። የ150 ዓመት ተከፋይ በዚህ በር ማለፍ አይችልም፤ በሩን የሚዘጋው ደግሞ በስብሷል የተባለው ሥርዓት ራሱ ነው።

ታዲያ መዝገቡ ለምን ክፍት ሆኖ ቀረ? አብዛኞቹ የሞቱት የሞት መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ ከመጀመሩ በፊት ነው። መዝገቡን ማስተካከል ከ5.5 እስከ 9.7 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ፣ ክፍያ ለማይቀበሉ ሰዎች ያን ያህል ማውጣትም እንደማያዋጣ ተቋሙ በወቅቱ መልስ ሰጥቷል። በዚህ መልስ መስማማት ግድ አይደለም። እኔ መዝገቡ ቢጸዳ እመርጥ ነበር፤ ክፍት የቀረ ቁጥር ሥራ ለመቀጠር ወይም ባንክ ለማታለል ሊውል ይችላልና። ነገር ግን ይህ የመረጃ ጉድለት ነው። በ1930ዎቹ ካርድ አውጥቶ በ1960ዎቹ ያረፈ ሰው የሞቱ ቀን አልተመዘገበም ማለት፣ ፕሮግራሙ በኮቦል ቢጻፍም ባዶ ነው፣ በጃቫ ቢጻፍም ባዶ ነው። 60 ሚሊዮኑ መስመር በሙሉ ተጥሎ አዲስ ቢጻፍ፣ ያው 18.9 ሚሊዮን መዝገብ ወደ አዲሱ ይጫናል። እንደ በሽታው ምልክት የቀረበው ነገር በመድኃኒቱ የማይነካ ከሆነ፣ መድኃኒቱን በጥድፊያ ለማዋጥ ምን ምክንያት ቀረ? ይህን ጥያቄ ለፕሬዚዳንቱ ንግግሩን ካዘጋጁት መካከል አንድ ሰው እንኳ ማንሣት ነበረበት።

የአሮጌው ሥርዓት ጠበቆችም በዚያ ሰሞን አልተሻሉም። ኮቦል የጎደለን የልደት ቀን በ1875 ስለሚተካ ነው የሚል ማብራሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛመት ሰነበተ። ኮቦል በውስጡ እንዲህ ያለ ቀን የለውም፤ ቀን እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው። ሁለቱም ወገኖች የታተመውን ኦዲት ገልጦ ከማንበብ ግምትን መረጡ፤ ግምቱ ደግሞ የሚሊዮኖች ገንዘብ የሚያልፍበትን ሥርዓት የሚመለከት ነው።

አሁን ኮዱ ውስጥ ያለውን በቅርብ እንየው። ከእኛ መካከል የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ሱዳን ወይም ኬንያ መጠለያ ውስጥ ቅጹ ሲሞላ የታወቀው ዓመቱ ብቻ ሆኖ፣ ወይም በእኛ አቆጣጠር የተነገረውን ወደ ፈረንጆቹ የሚመልስ ጠፍቶ፣ ወርና ቀኑ በጃንዋሪ 1 ተሞልቷል። በሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ደግሞ ሰው ዕድሜው ሞላ የሚባለው በልደቱ ዋዜማ ነው፤ ከእንግሊዞች የቆየ ሕግ የተወረሰ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ባለፈው ዓመት ዲሴምበር እንደተወለደ ይታሰባል። ወረቀቷ ጃንዋሪ 1, 1960 የሚል እናት ሙሉ የጡረታ ዕድሜዋ የ1960 ተወላጆች 67 መሆኑ ይቀርና የ1959 ተወላጆች 66 ዓመት ከ10 ወር ይሆናል፤ ኦክቶበር 2026 ላይ ይሞላላታል። በማግስቱ ጃንዋሪ 2 የተወለደችው ጎረቤቷ እስከ ጃንዋሪ 2027 ትጠብቃለች። የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬርም ለመጀመሪያዋ አንድ ወር ቀድሞ ይጀምርላታል። ገንዘቡ የሚገባበት ቀን ሲወሰን ግን ያው ሥርዓት ወረቀቷ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ይወስዳል። ከ1 እስከ 10 የተወለደ በወሩ ሁለተኛ ረቡዕ፣ ከ21 እስከ 31 የተወለደ በአራተኛው ረቡዕ ይከፈለዋል፤ ለእሷም በሁለተኛው ረቡዕ ይከፈላታል።

ሕጉን የማያውቅ ሰው ይህን ኮድ ቢያነብ፣ አንድ የልደት ቀን አንድ ቦታ ተቀንሶ ሌላ ቦታ ሳይቀነስ ያገኘዋል። ስህተት ይመስለዋል። ንጹሕ ኮድ የሚወድ ጎበዝ ፕሮግራመር፣ ወይም እሱን እንዲያፋጥን የተሰጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሁለቱን አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። ፈተናውንም ያልፋል፤ ፈተናው ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ማስገባት እንዳለበት ያስታወሰ ሰው ካልነበረ ምን ያቆመዋል? ከዚያ የአንዲት እናት ገንዘብ ሁለት ሳምንት ይዘገያል፣ ወይም የጡረታዋ ስሌት ለዘለቄታው ይቀንሳል። ከ70 ሚሊዮኑ አንፃር ሲታይ ጥቂት ሰው ነው ይባል ይሆናል። ጥቂቶቹ ግን በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ጃንዋሪ 1 የኢትዮጵያ፣ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የሌሎች አገሮች ስደተኞች በብዛት ያሉበት ቀን ነው።

ስማችንም እንዲሁ ነው። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ያለው ሰው የመጨረሻ ስም አምጣ ሲባል አንዱ አሠሪ አባቱን፣ ሌላው አያቱን ጽፎ ደብልዩ ቱ የተባለውን የደመወዝ ቅጽ ይልካል፤ ያገባች ሴት የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ ፀጋዬ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ይጽፈዋል። ስምና ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር ደመወዙ ባለቤት ያልተገኘለት ገቢ ወደሚከማችበት ማኅደር ይሄዳል፤ ከጡረታ ስሌት ውስጥም አይገባም። እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ሥርዓቱ ፊደል እያቀያየረ፣ የተዘዋወረ ስም እየመለሰ ባለቤቱን ለማግኘት ብዙ ሙከራ ያደርጋል። እነዚህ ሙከራዎች ቀስ በቀስ የተጠራቀሙ ናቸው። አንድ ሰው ደመወዜ አልተመዘገበም ብሎ ቢሮ ደጅ ይጠናል፣ ሠራተኛዋ ምክንያቱን ታገኛለች፣ ለፕሮግራመሩ ትነግራለች፣ አንድ መስመር ይጨመራል። የውጭ ሰው ዝብርቅርቅ የሚለው ኮድ ይህ ሁሉ ሰው የደከመበት ነው።

ካናዳ ይህን አሮጌውን በጥድፊያ የመተካት መንገድ ሄዳበታለች። ለ40 ዓመት ያህል የፌዴራል ሠራተኞቿን ደመወዝ ሲከፍል የኖረውን ሥርዓት በፌብሯሪ 2016 ፊኒክስ በተባለ አዲስ ሥርዓት መተካት ጀመረች። ያውም ከባዶ የተጻፈ አልነበረም፤ ገበያ ላይ ባለ ሶፍትዌር የተመሠረተ ነው። ሠራተኞቹ 290 ሺህ ያህል፣ የክፍያ ደንቦቹ ከ80 ሺህ በላይ ነበሩ። ዋና ኦዲተሩ ማይክል ፈርጉሰን በ2018 ባቀረቡት ሪፖርት፣ ኃላፊዎቹ በጀቱና ቀኑ እንዳያልፋቸው ሲሉ ከ984 የክፍያ ተግባራት ከ100 በላይ የሚሆኑትን ማስወጣታቸውንና አስቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ሊደረግ የታቀደውን ሙከራ መሰረዛቸውን አሳዩ። ደንቦቹን በእጃቸው የያዙት የደመወዝ ባለሙያዎች ደግሞ ከ1,200 ወደ 550 ተቀንሰው ነበር። በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ደመወዛቸው ቀረ፣ ጎደለ፣ ወይም በዝቶ ገብቶ መልሱ ተባሉ። ፈርጉሰን ለመረዳት የሚያዳግት ውድቀት ብለውታል። ለእኔ ግን ሪፖርቱን ላነበበ ሰው ለመረዳት የሚያዳግት አይመስለኝም፤ ቀኑ አስቀድሞ ተቆረጠ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ከቀኑ ጋር እንዲገጥም ተቀነሰ።

ኮቦል ይኑር እያልኩ አይደለም። ቋንቋው የተጀመረው በ1959 ነው፤ የሚችሉት ሰዎች ጡረታ እየወጡ ነው። በኤፕሪል 2020 የሥራ አጥነት ማመልከቻ ሲጎርፍ የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች ይምጡልኝ እስከማለት ደርሰው ነበር። እንደዚያ ያለ ቀን ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ እንዲመጣ የሚፈልግ የለም። በዋሽንግተን ዙሪያ በመንግሥት ኮንትራት ላይ የሚሠሩ ፕሮግራመር ወገኖቻችን የሚያውቁት ሌላ መንገድ አለ። አንድ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ለምሳሌ የመክፈያ ቀን የሚወስነው ክፍል። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ለጎን ይሠራል፤ ገንዘብ የሚልከው ግን ገና አሮጌው ነው። በየወሩ የሁለቱ ውጤት በእያንዳንዱ ሰው ስም፣ እስከ ሳንቲሙ ይነጻጸራል። ልዩነት ሲገኝ ማን ተሳሳተ ተብሎ ይጠየቃል፤ አሮጌው ከሆነ ይታረማል፣ አዲሱ ከሆነ ያልታወቀ ሕግ ተገኘ ማለት ነው። ጃንዋሪ 1 የተወለደችው እናት በመጀመሪያው ወር ትገኛለች፣ ገንዘቧም ሳይነካ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ መድረክ ላይ የሚነገር ዜና አይወጣውም።

ዓመታትም ይፈጃል። ተቋሙ ራሱ በ2017 ዋና ዋና ሥርዓቶቹን በአምስት ዓመት ለማደስ አቅዶ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲመጣ ትኩረቱ ሕዝቡን በቀጥታ ወደሚያገለግሉ ሥራዎች ዞረ። ይህን የሚያነሡ ሰዎች ቀስ ብሎ ማደስም እንዳልተሳካ ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውን ችላ ማለት አልችልም። ይህ ክርክር ግን አምስት ዓመት ያልበቃውን በጥቂት ወራት እንጨርሳለን ከሚለው ምን ያህል እንደሚርቅ ልብ ይሏል።

የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። ተቋሙ ፌብሯሪ 28, 2025 ላይ ሠራተኞቹን ከ57 ሺህ ወደ 50 ሺህ እንደሚያወርድ አስታውቋል። ጎን ለጎን ማነጻጸር የሚሠራው ልዩነት ሲገኝ የሚጠየቅ ሰው ካለ ነው፤ ይህ መስመር ለምን ተጻፈ ሲባል ሕጉንም ያንን ባለ ጉዳይም የሚያስታውስ ሰው። ነገ የወራቱ ዕቅድ ቢሰረዝ፣ ሁሉም ሰው ወደ ዝግተኛው መንገድ እንመለስ ቢል እንኳ፣ እንዲሄዱ ከተወሰነባቸው 7 ሺህ ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያለ ሰው እንደሆነ አስቀድሞ የቆጠረ መኖሩን እጠራጠራለሁ።