ስለ አንድ የኬንታኪ ሸክላ፤ ከመፍረድ አስቀድሞ ስለ ማድመጥ

ድምፁ ለጆሮ ያልተስማማ ሁሉ ነገሩም ለልብ አይስማማም ብሎ መፍረድ ከጥንት የተለመደ ነው። እርግጥ ለሚዘፍን ሰው እንጂ ለሚጮኽ ሰው ጆሮውን የሚሰጥ ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚጮኸውን ሰው ምን ሆነህ ነው ሳይሉ ዝም በል ቢሉት፤ ጩኸቱ ይቆም ይሆናል እንጂ ያስጮኸው ነገር አይቆምም። በአሜሪካ አገር በ2012 የወጣ አንድ ሸክላ ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው)።

ሸክላው ብላክ ሜታል ከተባለው የሙዚቃ ወገን ነው፤ ጥቁር ብረት እንደ ማለት ነው። በዚህ ወገን ሙዚቃ ከበሮው ጆሮ ሊቈጥረው ከሚችለው ፍጥነት በላይ ይመታል፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ክር ያለ ዕረፍት እየተንቀጠቀጠ እንደ ዐውሎ ነፋስ ያፏጫል፤ የዘፋኙም ድምፅ ከጕሮሮ ተቀድዶ የሚወጣ ዋይታ እንጂ ዜማ አይባልም። ካህናት ይህን ስም ሲሰሙ ፊታቸውን ቢያዞሩ አይፈረድባቸውም፤ ምክንያት አላቸውና። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ ሙዚቃ በኖርዌይ አገር በተስፋፋ ጊዜ፤ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ክርስትናን እንጠላለን ብለው በቃል ብቻ ሳይወሰኑ እሳት አነሡ። በ1992 በጁን 6 ቀን በበርገን ከተማ አጠገብ የነበረችው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፤ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ሥራ የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዓመት ነው። ከእነዚህ ዘፋኞች አንዱ ባልንጀራውን ስለ ገደለና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን ስለ አቃጠለ በ1994 የ21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህን ሸፋፍኖ ሙዚቃውን ማመስገን ሐሰት ይሆናል።

ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ በክፉ ሰው እጅ ስለ ገባ፤ ሌላው ሰው በዚያው መሣሪያ ምን እንደ ሠራ ሳይመረምሩ መፍረድ ደግሞ የዳኛ ሥራ አይደለም። ሙዚቃው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ በደረሰ ጊዜ ሌላ ጠባይ ያዘ፤ ብዙዎች ማኅበር ሳይፈልጉ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ይሠሩት ጀመር። አንድ ሰው አስቀድሞ ከበሮውን መትቶ ይቀርጻል፤ የቀረጸውንም እየሰማ በላዩ ጊታሩን ይጨምራል፤ ከዚያም ድምፁን ያገባበታል፤ በመጨረሻ አንዱ ሰው እንደ ጭፍራ ሆኖ ይሰማል። በካሊፎርኒያ ዛስተርና ሌዋታን የሚባሉት ሥራዎች በዚህ ዓይነት የተሠሩ ናቸው። (ሁለተኛው ስሙን ያገኘው መጽሐፈ ኢዮብ ከሚናገርለት አውሬ ነው፤ መጽሐፍን የሚሸሽ ሰው እንኳ ስም ሲያጣ ወደ መጽሐፍ ይመለሳል።) የእነዚህ ብቸኝነት ግን ወደ ውስጥ የዞረ ነው፤ የራስን ተስፋ መቍረጥ ደጋግሞ ከመናገር አያልፍም።

ኦስቲን ለን የተባለው ሰው ፓኖፕቲኮን በሚል ስም ያወጣው ኬንታኪ የተሰኘው ሸክላ ከዚህ ይለያል። እርሱም አብዛኛውን መሣሪያ ብቻውን የሚመታ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ራሱ አይደለም። ሸክላውን የሚያደምጥ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸቱን ሳይሆን ባንጆውን ነው። ባንጆ ዛሬ የአፓላችያ ተራሮች ነጮች መሣሪያ ሆኖ ይታወቃል እንጂ፤ በባርነት የተወሰዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ይዘውት በሄዱት ዕውቀት የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ የባንጆው ዘፈንና የብላክ ሜታሉ ዋይታ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። አንደኛው ዋይታ ከነጮቹ አስቀድሞ በዚያ ምድር ስለ ነበሩት ስለ ቸሮኪ ሰዎች መከራ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ከሰል ቈፋሪዎች፤ ሦስተኛው ስለ ተራሮቹ ስለ ራሳቸው ነው።

የከሰል ቈፋሪዎቹ ነገር ዘርዘር ብሎ ሊነገር ይገባዋል። በ1931 በኬንታኪ በሐርላን አውራጃ የከሰሉ ባለቤቶች የሠራተኛውን ደመወዝ ከመቶ 10 እጅ ቀነሱ። የሠራተኛ ማኅበር የገባውን ሰው ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከሚኖርበትም ቤት አስወጡት፤ ቤቱም የኩባንያው ነበርና። ሸሪፍ የሚባለው ሹም ሕግ ሊያስከብር የተሾመ ነበር፤ ከረዳቶቹ ግን ብዙዎቹ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከእነዚያው ከባለቤቶቹ እጅ ነበር። በሜይ 5 ቀን በኤቫርትስ አጠገብ ተኩስ ሆነና አራት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የሸሪፉ ሰዎች የማኅበሩን አስተባባሪ ሳም ሪስን ፍለጋ ቤቱን በረበሩ፤ በቤትም ሚስቱና ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ሚስቱ ፍሎረንስ ሪስ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሌላ ወረቀት ብታጣ በግድግዳ ከተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ አንድ ቅጠል ቀድዳ ዘፈን ጻፈችበት። ዘፈኑ ሰሚውን ሁሉ ከየትኛው ወገን ነህ እያለ ይጠይቃል። ለን ይህን ዘፈን በሸክላው ላይ በባንጆ፤ ቃሉ በሚሰማ ድምፅ፤ ያለ ጩኸት ዘፍኖታል።

ሹም የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ከባንጆው ይልቅ የሸሪፉን ነገር ያስተውል። ሕግ አስከባሪው ደመወዙን ከባለ ጕዳዩ ከተቀበለ፤ አቤቱታ የሚቀርብበት በር ተዘጋ ማለት ነው። በር የተዘጋበት ሰው መጀመሪያ በለሆሳስ ይናገራል፤ ቀጥሎ ይዘፍናል። ዘፈኑ ከ80 ዓመት በኋላም መልስ ካላገኘ የሚመጣው ዋይታ ለጆሮ እንዲጥም መጠበቅ አግባብ አይደለም። ካህናትም ይህን ያውቃሉ፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ የተነገረው ሰሚን ለማስደሰት አይደለም።

መልስ አላገኘም መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1970ዎቹ ወዲህ በዚያ አገር ከሰል ለማውጣት ዋሻ ከመቈፈር ሌላ፤ የተራራውን ራስ በፈንጂ ማፍረስና ፍርስራሹን በሸለቆው መድፋት ለመዱ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚህ ሥራ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ምንጭ እንደ ተቀበረ ገምቷል። የዚያው አገር ተወላጅ ጂን ሪቺ የወንዞቹን ውሃ መጥቈር አስቀድማ በዘፈን አመልክታ ነበር፤ የእርሷም ዘፈን በሸክላው ውስጥ አለ። ተራራ ሲፈርስ እንዴት ባለ ድምፅ ይለቀስለታል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሦስተኛው ረዥም ዋይታ አንድ መልስ ይሰጠዋል። ከበሮው ለጊዜው ፈንጂውን ይመስላል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ፈንጂው ይረሳና ለቀስተኛ ደረቱን የሚመታ ይመስላል።

ይህ ሲባል ሸክላው ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በዋይታው ክፍል የሚነገረው ቃል ከወረቀት ካልተነበበ በቀር አይሰማም፤ ስለ ሰው ሊመሰክር የተነሣ ሰው ደግሞ ቃሉ ባይጠፋ ይሻል ነበር። ለቅሶው የተለቀሰላቸው የሐርላን ሽማግሌዎችም ለሦስቱ የጩኸት ክፍሎች መታገሣቸው ያጠራጥራል። ከዚህም የሚብሰው፤ ጨለማን ለጨለማነቱ የሚወድድ ወጣት ጫጫታውን ወስዶ ቈፋሪውን ሊተወው ይችላል። ለን ይህን ነቀፋ አስቀድሞ የገመተው ይመስላል። የሴቶቹን አሮጌ ዘፈኖች በመካከል ያለ ጩኸት ማስገባቱ፤ ቃሉ ለማንም እንዳይሰወር ነው። ለዚህ ማስተዋሉ ሊመሰገን ይገባል። ሸክላውን ሊሰማ የሚፈልግ ሰው ከመካከል አንዱን ጩኸት ብቻ መርጦ አይስማ፤ ከባንጆው ጀምሮ በተራው ይስማው፤ የሐርላንን ታሪክም አስቀድሞ ያንብብ። ሰምቶ ቢጠላው እንኳ ጥላቻው የመረመረ ሰው ጥላቻ ይሆናል።

በ2019 በዚያው በሐርላን አውራጃ አንድ የከሰል ኩባንያ ከስሮ ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ ተዋቸው። እነርሱም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወጥተው ሐዲዱን ዘግተው ድንኳን ተከሉ፤ ከሰል የጫነውንም ባቡር ሁለት ወር ያህል አገዱት። በዚያ ጊዜ በቀን መቍጠሪያው ቅጠል የተጻፈው ዘፈን 88 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሸክላው ደግሞ 7።