በተዘጋ በር ፊት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ሊያነጋግረኝ መጣ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚረዳው እርሱ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ነጻ ዕድል ለማግኘት ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስቱንም ጊዜ ሳይሳካለት ቀርቷል። የመጨረሻውን መልስ የያዘውን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞት ነበር። አውጥቶ ካሳየኝ በኋላ መልሶ አጠፈውና፣ «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ጸለይኩ። እግዚአብሔር ሰምቶኛል ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም የሽማግሌ ወጉ ነውና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ለበጎ ነው፤ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነውና አመስግኖኝ ተነሣ። ነገር ግን በሩን ከኋላው ሲዘጋ ፊቱን አየሁት። የተጽናና ሰው ፊት አልነበረም። ውሃ ጠምቶት መጥቶ ባዶ ዋንጫ የተሰጠው ሰው ይመስል ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከልቡ የጠየቀኝን ከአፌ መለስኩለት። የዛሬው ጽሑፌ እንግዲህ የዕዳ ክፍያ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በኪሱ የያዘ ሌላ አንባቢ ቢኖርም ለእርሱም ይሁንልኝ።

«ለበጎ ነው» የሚለው ቃል ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ይህ ቃል የሚያምረው መከራውን የተሸከመው ሰው ራሱ ከብዙ ዘመን በኋላ ዘወር ብሎ ሲናገረው ነው እንጂ፣ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ ሌላው ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ሲናገረው አይደለም። የኢዮብን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሦስቱ ወዳጆቹ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን መከራው ለምን እንደ መጣበት ያስረዱት ጀመር። በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቍጣ የወረደው በአስረጂዎቹ ላይ ሆነ፤ ይቅርታ እንዲያገኙ የሚጸልይላቸውም ያው ሲከራከሩት የቈዩት ኢዮብ ነበር።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት ምክንያት ልፈልግለት አልሞክርም። በምክንያት ፈንታ፣ በሩ ደጋግሞ የተዘጋበትን የአንድ ያገራችንን ሰው ታሪክ ልንገረው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ይህን ስም እናስታውሰው፤ ኋላ እንመለስበታለን። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞቱበት። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ እጅ ነጥቀው ወሰዱት። ከሻጭ ወደ ገዢ እየተላለፈ ስምንት ጌቶች ከተፈራረቁበት በኋላ ወደ ቀይ ባሕር ዳር ወደ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣውና በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው።

በዚያ ፊደል ቈጠረ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። በመጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ፣ ጳውሎስ በእስር ላይ ሳለ ለፊልሞና ጽፎ የላከው የዚያ ባሪያ ስም ነው፤ ትርጓሜውም ጠቃሚ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስማቸውን በአክብሮት እንጠራለን፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ አድገው፣ ወደ ስዊድን ተልከው፣ በዚያ አምስት ዓመት ያህል ተምረው በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሱ።

እንግዲህ የልባቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር። ከልጅነታቸው ወደ ተነጠቁበት ወገናቸው ተመልሰው ወንጌልን በገዛ ቋንቋው ማስተማር። ምኞቱ ንጹሕ ነው፤ ትምህርቱ ተፈጽሟል፤ ጸሎቱም ተደርጓል። ማን ቢጠየቅ «ይህስ ሳይፈጸም አይቀርም» ባለ ነበር።

በዚያው ዓመት ከጓደኞቻቸው ጋር በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። አልሆነም። ከመንገድ ተመለሱ። ኦኔሲሞስ በንዳድ እየተንቀጠቀጡ በ1882 ካርቱም ሲደርሱ አገሩ በመሐዲ ዐመፅ መታመስ ጀምሮ ነበር። በሕይወት ወደ እምኩሉ መመለሳቸውም ራሱ እንደ ትልቅ ነገር የሚቈጠር ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በሌላ መንገድ ሞከሩ። በ1886 እስከ እንጦጦ ደረሱ። በዚያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ዘንድ ቀርበው ፈቃድ ለመኑ። ፈቃዱ ግን አልተሰጠም፤ ተመለሱ ተባሉ። ከእንጦጦ ወደ ምዕራብ ቢጓዙ ወለጋ ነው። እርሳቸው ግን ፊታቸውን መልሰው ያንን ሁሉ ተራራና በረሃ ወደ ምጽዋ ወረዱ።

የዚያ ወጣት ወረቀት የተጻፈበት ቋንቋ ይለያይ ይሆናል እንጂ ኦኔሲሞስም እንዲህ ያለ መልስ ይዘው ነበር የተመለሱት። ታዲያ ምን አደረጉ? እዚህ ላይ ነው የነገሩ ፍሬ ያለው።

ተቀምጠው በሩ እስኪከፈት አልጠበቁም። እግዚአብሔር ትቶኛል ብለውም ሥራቸውን አልጣሉም። ከበሩ ወዲህ ምን ሥራ አለ ብለው ተመለከቱ። ወደ ወገናቸው መግባት ባይፈቀድላቸው፣ መጽሐፉ ቀድሟቸው ይገባ ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ያዙ።

ነገር ግን ብርቱ ችግር ነበረባቸው። ከወገናቸው የተለዩት በልጅነታቸው ስለ ሆነ ያፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሸሽቷቸው ነበር። ይህንንም ደፍረው አመኑ። የተማረ ሰው «ይህን አላውቅም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው እኛ የወረቀት ሰዎች እናውቃለን። መልሱ የመጣው ማንም ካላሰበው በኩል ነው። በዚያው በሩ በተዘጋበት በ1886፣ ባሪያ ነጋዴዎች በባሕር ሲያሻግሯት በጣልያኖች የተያዘችና ነጻ የወጣች አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ወደ እምኩሉ መጣች። አስቴር የሕዝቡ ቋንቋ በአፏ ሙሉ ነበር። የምታስታውሰውን ተረትና ምሳሌ፣ እንቈቅልሽና ዘፈን አምስት መቶ ያህል በጽሑፍ አሰፈረች፤ በቃላት መሰብሰቡም ሥራ ተካፈለች። እርሷ ያዘጋጀችው የማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። ሁለቱም በባርነት ቀንበር ሥር ያለፉ ነበሩ፤ ሁለቱም ለአንድ ሕዝብ መጽሐፉን ለማድረስ በአንድ ገበታ ተቀመጡ።

አዲስ ኪዳን በ1893 በዚያው በእምኩሉ ታተመ። ብሉይና ሐዲስ አንድ ላይ ሆኖ በግእዝ ፊደል በ1899 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ታተመ። ሂካ፣ ማለት ተርጓሚ፣ እናቱና አባቱ ባወጡለት ስም ተገኘ።

ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። የመጀመሪያውን ጕዞ ከሞከሩ 23 ዓመት አልፎ ነበር። አንባቢ ሆይ፤ እስኪ ቈም ብለህ አስብ፤ በ1881 ወይም በ1886 በሩ ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ፣ የሚገቡት ባዶ እጃቸውን ነበር። በ1904 የገቡት ግን መጽሐፉን ይዘው ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያማረ በሆነ። ግን አላበቃም። በነቀምት ማስተማር ከጀመሩ ጥቂት ቈይቶ ክስ ተነሣባቸው። በ1906 በአዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ግዞት ተፈረደባቸው። አጤ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ታዘዙ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በልጅ ኢያሱ ዘመን በ1916 ነው። ይህም ሌላ ዐሥር ዓመት መሆኑ ነው። በሰኔ 1931 እስኪያርፉ ድረስ በዚያው አገር አገለገሉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ስሕተት የሆነ ትምህርት እንዳንቀዳ እንጠንቀቅ። ባሪያ ፈንጋዩ ኃጢአተኛ ነበር፤ ኋላ የመጣው በጎ ነገር ኃጢአቱን አያነጻለትም። ልጇን የተነጠቀችው እናት ዕንባም ዕንባ ነው። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ውስጥ በጎ ሊያወጣ ይችላል ማለት፣ ክፉው ነገር በጎ ነበር ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው የተበደለን ሰው ዝም ሊያሰኝ ይነሣል፤ በደለኛውም እፎይ ይላል። ስለዚህ አለቃህ መብትህን ቢነፍግህ በእግዚአብሔር ታምኜ ዝም እላለሁ አትበል። አቤቱታ መጻፍ ከእምነት ጋር አይጣላም። ነቢያቱም በነገሥታት ፊት ቆመው ስለ ድኃው ፍርድ ጮኸዋል።

ታዲያ በእግዚአብሔር መታመን ማለት ምንድን ነው? እኔ እንደሚገባኝ፣ የነገን ማወቅ አይደለም፤ የተዘጋው በር እንደሚከፈት እርግጠኛ መሆንም አይደለም። የተዘጋውን በር ቍልፍ ለባለቤቱ ትቶ፣ በዚህ ወገን ያለውን ሥራ በንጹሕ እጅ መሥራት ነው። ኦኔሲሞስ በእንጦጦ ፊታቸውን ሲመልሱ 1904ን አላዩም። ያዩት የመልስ መንገዱን ነው። ያንን መንገድ ሄዱ፤ ደርሰውም መጽሐፉን ከፍተው ተቀመጡ። እምነታቸው የታየው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጸሎትም ቢሆን እንደ ማመልከቻ ብቻ አይታይ። ማመልከቻ ቍጥር ተሰጥቶት መልሱ ይጠበቃል፤ «አይቻልም» ከተባለ ጉዳዩ አለቀ። ጸሎት ግን ከሰው ጋር እንደ መኖር ነው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ የምስጋናውን ያህል «እስከ መቼ?» የሚል ሙግትና ለቅሶም አለ፤ አባቶቻችንም ይህንኑ ሲደግሙ ኖረዋል። ስለዚህ ያዘነ ሰው ሐዘኑን አሳምሮ አይናገር፤ እንዳለ ይናገረው። የሚማረር ሰው ገና አልሄደም፤ ገና እየተነጋገረ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ጀርባውን ያዞረው ነው።

ደግሞም ብቻህን አትሁን። ኦኔሲሞስ የጐደላቸው ቃል በአስቴር አፍ ነበር። አንተም የጐደለህ ነገር ምናልባት ከአንድ ወንበር ራቅ ብሎ በተቀመጠው ባልደረባህ ዘንድ ይሆናል፤ «አላውቅም፣ አሳየኝ» ብለህ ካልጠየቅህ ግን አይመጣልህም።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ በማግሥቱ ወደዚያ ወጣት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ የነገርኩት፣ «ትናንት የሰጠሁህ መልስ ጥሩ አልነበረም» ብዬ ነው። ሽማግሌ ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ያልለመደ ስለ ሆነ ደነገጠና ሣቀ። ከመስኮቱ ፊት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። አንድ የጡረታ ፋይላቸው የጠፋባቸው አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። ልጁ ይቅርታ ጠይቆኝ ተነሣና መሰላሉን ወጥቶ በአቧራው መካከል ያገላብጥ ጀመር። ብዙ ቈየ። ፋይሉ የተገኘው በሌላ ስም ተራ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ስንት ወር ሲመላለሱ እንደ ነበረ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

ተመልሶ ሲቀመጥ፣ «እኒህም ሰው ጠዋትና ማታ ሲጸልዩ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። አቧራውን ከእጁ አራገፈና አራተኛውን ማመልከቻ የሚጽፍበትን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ።

ዕድሉን ያገኝ ወይም አያገኝ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እርሱም አያውቅም። ሲጽፍ ግን እጁ አልተንቀጠቀጠም።