ለቅሶ የማንደርሰው ሐዘን

እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ ሐዘን ሲገጥመው ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። መርዶውን በስልክ ሳይሰማ ወዳጆቹ ተጠራርተው ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ፤ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ቡናው፣ ንፍሮው፣ ወንበሩ ከየቤቱ ይመጣል። እናቱ ጎንደር የሞተችበት ሰው ካምፓላ ላይ ብቻውን አያድርም።

ያው ሰው በስደተኝነት ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳዩ ውድቅ ቢሆንበት ወይም ትዳሩ ቢፈርስ ግን «ቻለው» ብለነው እናልፋለን። እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ጎረቤቴ ለዓመታት የጠበቀችው ጉዳይ መዘጋቱን የሰማችው ምጣዱ ላይ እንዳለች ነው። የቀኑን ትእዛዝ ጋግራ ጨረሰች። «ደህና ነኝ» አለች፤ እኛም ጎበዝ አልናት። ሳምንት ሳይሞላ በ1,000 ሽልንግ ከቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ነጂ ጋር ተጣልታ ሰፈሩን በጩኸት ሰበሰበችው። «ጸባይዋ ተበላሸ» ተባለ። ጸባይዋ አልነበረም።

የዚህ ዓይነቱ ሐዘን መላ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በዩጋንዳ ማሳካና ራካይ ለጥናት ከተመረጡ 30 መንደሮች በግማሾቹ ውስጥ የድብርት ምልክት ያለባቸው ሰዎች በትናንሽ ቡድን፣ ሴቱ ከሴት ወንዱ ከወንድ፣ ለ16 ሳምንታት እየተገናኙ እንዲነጋገሩ ተደረገ። መሪዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ያገሬው ሰዎች ነበሩ። ጥያቄያቸውም ቀላል ነው፦ ባለፈው ሳምንት ስሜትሽ እንዴት ነበር? ያን ጊዜ ምን ገጠመሽ? ሞት ነው፣ ጠብ ነው ወይስ የኑሮ መለወጥ? ከዚያ የቡድኑ ሰዎች እገሌን አነጋግሪ፣ ይህን ሞክሪ ይላሉ። ሲጀመር ከ100 ሰው 86ቱ የድብርቱን መለኪያ ያሟሉ ነበር፤ ሲያበቃ 7 እንኳ አልሞሉም። ቡድን ካልገቡት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልተሻላቸውም። ዛሬ ስትሮንግ ማይንድስ የተባለው ድርጅት በዚሁ መንገድ ዩጋንዳ ውስጥ ይሠራል።

እኛም እንዲህ ያለ ቡድን እናቋቁም ስል «የእኛ ሰው ምስጢር አይጠብቅም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ካባላጋላ ጠዋት የተነገረ ወሬ ምሳ ሳይደርስ ጎረቤት ሰፈር ካንሳንጋ ይገባል። ስለዚህ ቡድኑ ከ10 ሰው አይብለጥ፣ መሪዋ ከሌላ ሰፈር ትምጣ፣ ወሬ ያወጣ ይሰናበት። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲገኝ ደግሞ ነገሩ የቡድን አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ቡታቢካ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይወሰድ።

የእድራችን ደንብ የሚያውቀው ሞትን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለዚህ ዓይነቱ ሐዘን አንድ አንቀጽ እንዲጨመር፣ ከመዋጮውም ሁለት ሴቶችንና ሁለት ወንዶችን ለቡድን መሪነት ማሠልጠኛ እንዲቆረጥ እጠይቃለሁ። ድንኳን ለመግዛት ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ፤ ድንኳኑ ይቆይ።