የጫሞ ዓሣ አጥማጆችን አደጋ ስለ መመርመር

በሥራ ላይ የሚደርሰውን አደጋ መከላከል፥ በሽታን እንደ መከላከል ኹሉ፥ የጤና አጠባበቅ ክፍል ነው። በሽታ በተነሣ ጊዜ ምንጩ ይፈለጋል እንጂ ሕመምተኛው አይወቀስም፤ አደጋም በደረሰ ጊዜ እንዲሁ ሊደረግ ይገባል።

በጫሞ ሐይቅ ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምዱ ወገኖቻችን ከአዞና ከጉማሬ ጋራ በአንድ ውሃ ይውላሉ። አዞው በመረብ የተያዘውን ዓሣ ፈልጎ ይመጣል፤ አጥማጁም መረቡን ለማንሣት እጁን ወደዚያው ይዘረጋል። ሰው በተጎዳ ጊዜ «ዕድሉ ነው» ወይም «ራሱ አልተጠነቀቀም» ማለት፥ በእኛ አስተያየት፥ ምርመራውን ሳይጀመር መዝጋት ነው። አልተጠነቀቀም ቢባል እንኳ፥ በጨለማ ስለ ምን ወጣ? ስለ ምን ብቻውን ሆነ? ታንኳውስ ከውሃው ምን ያህል ከፍ ያለ ነበር? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብና እንዲያስታውቅ ያዛል። ለራሱ የሚያጠምድ ሰው ግን አሠሪ ስለሌለው መዝጋቢም የለውም። ስለዚህ የአጥማጆች ማኅበራት መዝገብ ቢይዙ፥ የአርባ ምንጭ መምህራንም በጽሕፈቱ ቢረዷቸው ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

በመዝገቡም የሞተና የቈሰለ ብቻ ሳይሆን፥ ለጥቂት የተረፈም ይግባ። አሜሪካዊው ኸርበርት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በአንድ ከባድ ጉዳት አንጻር 29 ቀላል ጉዳቶችና ማንንም ያልጎዱ 300 አደጋዎች እንደሚገኙ ገምቷል። ቁጥሩ በኋላ ሊቃውንት ዘንድ ቢያከራክርም፥ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ታንኳ ገፍቶ የሄደ አዞ ነገ ሰው ሊይዝ ይችላልና፥ ቦታውና ሰዓቱ ዛሬውኑ ይጻፍ።

የጥንቃቄው ሥራ ፍሬ ማፍራቱስ በምን ይለካል? ሰው ያልሞተበት ዓመት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ አጥማጆቹ ጥቂት ቀን ብቻ ወጥተው ይሆናል። መዝገብ በተጀመረበት ዓመትም የአደጋው ቁጥር የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ይህ ሰው መናገር መጀመሩን ያሳያልና አያስደንግጥ። ትክክለኛው መለኪያ፥ ከምርመራው በኋላ የተወሰነው መፍትሔ በስንት ቀን ተፈጸመ፥ ያው አደጋ በዚያው ቦታ ተደገመ ወይስ ቀረ የሚለው ነው።

መምህራን ሆይ፥ መዝገቡን ስትይዙ ጥፋተኛ አትፈልጉ፤ ወቀሳ ባለበት እውነት ይደበቃል፥ እውነት በተደበቀበትም አደጋው ይደገማል።