ከስሌቱ በፊት ያለው ግምት

ከዋሽንግተን ወጣ ብላ በምትገኘው ስፕሪንግፊልድ ሦስት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች፣ 95፣ 395 እና 495፣ ይገናኛሉ። ቀን ሠርተው ማታ በአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ምሕንድስና ከሚማሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ይህን መጋጠሚያ አቋርጠው ክፍል የሚደርሱ አሉ። በዚያ ፍጥነት መስመር የሚቀይር አሽከርካሪ ሁሉ ሳይታወቀው ሁለት ነገር ያሰላል፤ የመጋጨት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢጋጭስ ጉዳቱ ምን ይሆናል? የስጋት ትንተና ትምህርትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ዕድልን በጉዳት ከማባዛት።

ተማሪዎች መጀመሪያ የሚፈሩት ስታቲስቲክሱን ነው። ሒሳቡ ግን በልምምድ ይገራል። ይበልጥ የሚከብደው የሚባዛው ቁጥር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ዕድሉ ተሰጥቶ ይመጣል፤ በሥራ ዓለም ግን የሚገምተው ሰው ነው፤ ሰውም ይሳሳታል።

ለዚህ ለኢትዮጵያውያን እጅግ ቅርብና መራር የሆነው ማስረጃ የቦይንግ 737 ማክስ ታሪክ ነው። ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑ ሶፍትዌር አፍንጫውን ወደ ታች እንዲደፋ የሚታዘዘው በአንድ ሴንሰር መረጃ ብቻ ነበር። በደኅንነት ትንተናው፣ ሥርዓቱ ቢሳሳት አብራሪዎች በሴኮንዶች ውስጥ ችግሩን ለይተው ያርሙታል ተብሎ ታሰበ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የምርመራ ሪፖርት እንደተገለጸው፣ በኩባንያው ሙከራ አንድ አብራሪ ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሴኮንድ በላይ ፈጅቶበት ነበር። ያ ማስጠንቀቂያ ግምቱን አላስለወጠም።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም በኅዳር ወር ስጋቱን አሰላ። ማስተካከያ ካልተደረገ፣ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ሁሉ 15 ያህል ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ስሌቱ አሳየ። ሆኖም ለአብራሪዎች መመሪያ ተሰጥቶ፣ የሶፍትዌሩ ማሻሻያ እስኪደርስ አውሮፕላኖቹ መብረር ቀጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። ያ ስሌት በአደባባይ የታወቀው ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ከስፕሪንግፊልድ ብዙም በማይርቀው የዋሽንግተን ምክር ቤት በተደረገ ችሎት ነበር።

ስሌት ይቅር የሚል ግን ከዚህ የተሳሳተ ትምህርት ይወስዳል። ያለ ቁጥር ትልቁን አደጋ ከትንሹ መለየት አይቻልም፤ ያን ጊዜ ውሳኔው በፍርሃት ወይም በጥቅም ይመራል። በኅዳሩ ትንተና የወጣው ቁጥር አስፈሪነቱን አልደበቀም። የጎደለው ቁጥሩን አይቶ የሚያቆም ውሳኔ ነበር። ዕድሉን የሚገምቱት በቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ጉዳቱን የሚሸከመው ግን ስለ ስሌቱ ያልተነገረው ተሳፋሪ ነው።

ስለዚህ የስጋት ትንተና ኮርስ ማባዛትን ብቻ አስተምሮ ማለፍ የለበትም። ተማሪው በሚያስረክበው እያንዳንዱ ሥራ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፦ ምን ተገመተ? ግምቱን በሙከራ ያረጋገጠው ማን ነው? ስሕተት ቢሆንስ የሚጎዳው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ነጥብ ሊሰጥባቸው ይገባል፤ ነጥብ የሌለውን ነገር ተማሪ ቸል ይለዋልና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል የዚህ ሙያ ፍሬ ነገር ነው። ዛሬ ከስፕሪንግፊልድ ተነሥቶ ማታ ክፍል የሚገባው ተማሪ ነገ የአውሮፕላን፣ የድልድይ ወይም የግድብ ሰነድ ላይ ይፈርም ይሆናል። በዚያች ቀን ከሒሳብ ችሎታው ይልቅ የሚፈለገው፣ ሁሉም በተስማማበት ግምት ላይ እጁን አንሥቶ «ይህ ተረጋግጧል ወይ?» የማለት ድፍረቱ ነው።