የአማቴ ጠመንጃ ዛገብኝ፤ ልናገር ወይስ ልደብቅ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ አሜሪካ፣ ከፔንስልቬኒያ ነው። ወትሮ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ነበር የምትጽፉልን፤ ይሄኛው ግን ጠመንጃ ይዞ መጣ። ያው መጨረሻው ትዳር ውስጥ መግባቱ አልቀረም።

ጠያቂያችን የዚያን አገር ልጅ ነው ያገባው። አማቱ አዳኝ ናቸው። በዚያ ግዛት ከ1974 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በባልጩት እሳት በሚተኩስ የጥንት ጠመንጃ አጋዘን የሚታደንበት የተለየ ወቅት አለ። ይሄ ጠመንጃ ባሩዱንም አረሩንም የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። አማትየው ከአባታቸው የወረሱትን “ተለማመድበት፤ ማታውኑ ግን እጠበው” ብለው ሰጡት። ልጁ ሲተኩስ ውሎ ሰባተኛው ላይ አረሩ አልወርድ ቢለው በጉልበት መትቶ አስገባውና ተኮሰው። ማታ ደክሞት ተኛ። በአራተኛው ቀን ነጭ ጨርቅ ቢያስገባ ቀይ ሆኖ ወጣ። “ወልውዬ ዝም ብዬ ልመልስ እንዴ?” ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን እወቅ። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደረቅ ቅሪት ነው። ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ ከፊሉ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ጨውነት ስላለው ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። ዘይት ብቻ ብትቀባው ሸፈንከው እንጂ አላጠብከውም።

ስትተኩስ እያለህ በየተኩሱ መሀል ትንሽ እርጥብ ጨርቅ በዘንግ አስገብተህ አውጣ፤ ገልብጠህ ድገም፣ ከዚያ በደረቅ አድርቅ። የሚንጠባጠብ ጨርቅ ግን አታስገባ፤ ቆሻሻውን ወደ ታች ገፍቶ የእሳቱን ቀዳዳ ይደፍንብሃል። እርጥቡ የቀረ ፍም ካለም ያጠፋል። ባሩዱን በትንሿ መስፈሪያ እንጂ ከዕቃው በቀጥታ አታፍስስ። አረሩ በደንብ ሲቀመጥ ዘንጉ እስከየት እንደሚገባ ምልክት አድርግበት። አረሩ ባሩዱ ላይ ሳይደርስ መሀል ቀርቶ ከተተኮሰ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ያ ሰባተኛው ተኩስህ የሚያሰጋኝ ለዚህ ነው።

ስትጨርስ ባዶ መሆኑን በዘንጉ አረጋግጥ። የእሳቱን ቀዳዳ በስንጥር ድፈንና እንጨቱን ሳታረጥብ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት የዕቃ ሳሙና አድርገህ እጠበው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግም። ስንጥሩን አውጥተህ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ አጽዳ፣ አድርቅ፣ ዘይት ቀባ፤ በማግስቱ ደግመህ እየው። ሌላ ቀን ከመተኮስህ በፊት ዘይቱን ጥረግ። ይሄ ሁሉ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቀላል ዝገት በዘይትና በናስ ብሩሽ ይለቃል። ብረቱ ከተቦረቦረ ወይም ጠበቅ ያለ ጨርቅ ስትሰድ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ላላ ካለህ ግን ጠመንጃ ጠጋኝ ሳያየው ማንም እንዳይተኩስበት።

ታዲያ ዝም ብለህ ልትመልስ ነው? ሰውየው ምንም ሳያውቁ ባሩድ አጉርሰው ጉንጫቸው ላይ ቢያስጠጉትስ? እዚህ ላይ ነገሩ የይሉኝታ መሆኑ ያበቃል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው። ዛሬውኑ ይዘህላቸው ሂድ። ባለቤትህን አማላጅ አድርገህ አትላክ፤ በገዛ አፍህ ተናገር። ሰባተኛውንም አትዝለል። “አጥፍቻለሁ፣ ማስመርመሪያውን እኔ እከፍላለሁ፣ አስተጣጠቡን ያሳዩኝ” በላቸው። ይቆጡ ይሆናል። ቁጣ ግን ይበርዳል፤ የተደበቀ ጥፋት ነው እንደዚያ ቱቦ ውስጥ ውስጡን የሚበላው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!