ቅባት የሚፈጭ ኢንዛይም ቦርጭ አያጠፋም!



እዚህ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ ሰዎችም፣ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝም አንድ ጥያቄ እየደጋገማችሁ ነው። «ዶክተር፣ ከባህር ባክቴሪያ የተገኘ፣ ስብ የሚያቀልጥ ኢንዛይም ነው እየተባለ እንክብል በቴሌግራም ይሸጣል። እውነት ቦርጭ ያጠፋል?»

አጭሩ መልሴ፦ አያጠፋም። ግን ኢንዛይሙ ራሱ ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

ቅባት የሚፈጨው ኢንዛይም ላይፔዝ ይባላል። ቆሽታችን በየቀኑ ያመርተዋል። ሥራው ወጡ ላይ ያለውን ዘይትና ቅቤ አንጀት ውስጥ ሰባብሮ ወደ ሰውነት እንዲገባ ማድረግ ነው። ልብ በሉ፦ እንዲገባ እንጂ እንዲወጣ አይደለም! የምትውጡት ላይፔዝ ወገባችሁ ላይ የተጠራቀመው ስብ ጋ አይደርስም። እንዲያውም ለውፍረት በሐኪም የሚታዘዘው ኦርሊስታት የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ላይፔዙን ያግደውና ከምንበላው ቅባት ሲሶ ያህሉ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል።

ታዲያ ላይፔዝ መድኃኒት የሚሆነው ለማን ነው? ቆሽታቸው ለተጎዳ ሰዎች። እነዚህ ሰዎች እየበሉ ይከሳሉ፤ ሰገራቸው ቅባታም፣ ክፉኛ የሚሸትና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይሆናል። ለእነሱ በየማዕዱ የሚወሰድ ኢንዛይም ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ዛሬ በዓለም ላይ የሚታዘዘው በአብዛኛው የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት መሆኑ ነው። ይህን ስትነግሩት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ታካሚ ፊቱ ይቀየራል። ሐኪም ሊደብቀው አይገባም፤ ታካሚም ከሃይማኖት አባቱ ጋር የመምከር መብት አለው።

ከባክቴሪያ ላይፔዝ የማውጣት ሥራ ለኛ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው። ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ከአንታርክቲካ ባህር ባገኟቸው ባክቴሪያዎች ውስጥ በብርድ የሚሠራ ላይፔዝ እንዳለ ጽፈዋል። እኛ ባህር ባይኖረንም አቢጃታ፣ ሻላና ጪቱ አሉን፤ ጨዋማና እንደ ሳሙና የሚያሙለጨልጭ ውሃ ያላቸው፣ ፒኤቻቸው ወደ 10 የሚጠጋ ሐይቆች። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ባክቴሪያ ኢንዛይሙም ጠንካራ ነው። በዚህ ዘርፍ ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አልካሊ ከሚወድ ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ለማምረት የተጠቀሙት ምን መሰላችሁ? የኑግ ፋጉሎ!

ግን ከሐይቅ እስከ እንክብል መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ ባክቴሪያው ቅባት በተቀላቀለበት ሳህን ላይ ይዘራል፤ ላይፔዝ የሚያመነጭ ከሆነ ዙሪያው ጥርት ያለ ቀለበት ይሠራል። ቀጥሎ ማጥራት ይመጣል፤ ቅቤ እንደማንጠር አስቡት። ፈሳሹ ይሽከረከራል፣ በጨው ኢንዛይሙ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፣ ከሌሎች ፕሮቲኖች ይለያል። ከዚያ ጠባዩ ይጠናል፦ በስንት ዲግሪ ይሠራል? አሲድ ይገድለዋል? ሐሞት ሲነካው ይቆማል? ጨጓራችን አሲድ ነው፤ የአሳማው ላይፔዝ እንኳ እዚያ እንዳይሞት ነው በልዩ ሽፋን የሚዘጋጀው። የአንድ እንክብል ጉልበትም በሚሊግራም ሳይሆን በዩኒት ይለካል።

ይህ ሁሉ አልፎም ሰው ላይ መሞከር አለበት። ሊፕሮታሜዝ የሚባለው መድኃኒት ላይፔዙ ከአሳማ ሳይሆን ከባክቴሪያ ነበር፤ ብዙዎች ተስፋ ጥለውበት ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ ግን ግቡን ሳይመታ ቀረ። የጠራና የተጠና ኢንዛይም እንዲህ ከወደቀ፣ ምንጩም ዩኒቱም ያልተጻፈበትን የቴሌግራም እንክብል በምን እንመነው?

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ «ኢንዛይም» እና «ከባህር» የሚሉ ቃላት ዋስትና አይደሉም። ዋስትናው የማጥራቱና የመፈተሹ አድካሚ ሥራ ነው። ያንን ሥራ የሚሠሩ የአገራችን ቤተ ሙከራዎች ሊታገዙ ይገባል፤ ቃሉን ተውሰው ለሚነግዱት ግን ብራችሁን አትስጡ።

እየበላችሁ የምትከሱ፣ ሰገራችሁ ቅባታም የሆነ ካላችሁ እንክብል ፍለጋ አትሂዱ፤ ሐኪም ጋ ሂዱና ቆሽታችሁ ይታይ። ቦርጭ ለመቀነስ የምትፈልጉም ኪሳችሁን ሳይሆን ማዕዳችሁን ቀንሱ፣ በእግር ተንቀሳቀሱ፤ ኦርሊስታትም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ።

እንክብሉን ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!